ከሞርጌጅ ጋር ያለአግባብ የተሸጠላችሁ ኢንሹራንስ፦ ቅሬታ እንዴት ይቀርባል (ዩኬ ላላችሁ)

ዩኬ ውስጥ ቤት ስትገዙ ወይም ሪሞርጌጅ ስታደርጉ (የነበረውን ሞርጌጅ በአዲስ ስትቀይሩ) ብሮከሩ ወይ ባንኩ አብሮ ኢንሹራንስ ሸጦላችሁ፣ አሁን ደግሞ «ይሄ ነገር ለኔ የሚሆን ነበር እንዴ?» ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ይሄን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ብዙ ሰው ቅሬታ ያቀርብና ውድቅ ይደረግበታል። ብዙ ጊዜ ታዲያ ጉዳዩ ባዶ ሆኖ ሳይሆን ለማይመለከተው ድርጅት ስለተጻፈ ነው፣ ወይ ደግሞ «ይሄን ሁሉ ዓመት ከፈልኩ ምንም አላገኘሁም» ተብሎ ስለተጻፈ ነው። ኢንሹራንስ ከፍላችሁ፣ ደህና ከርማችሁ፣ ገንዘቡ ሳይመለስ ቢቀር ማንም ጥፋተኛ አይሆንም፣ ስራው እንደዛ ነው። ጥፋት የሚሆነው በተሸጠላችሁ ጊዜ የተነገራችሁ ወይም ሳይነገራችሁ የቀረው ነገር ነው። ቅሬታችሁ እሱ ላይ ብቻ መቆም አለበት።

ከምንም ነገር በፊት፦ ፖሊሲውን (የኢንሹራንስ ውሉን) አትሰርዙ

ተናዳችሁ ዳይሬክት ዴቢቱን እንዳታቆሙት። ከገዛችሁበት ጊዜ ወዲህ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ወይ ሌላ ነገር ተገኝቶባችሁ ከሆነ አዲስ ላይፍ ኢንሹራንስ በጣም ሊወደድባችሁ ወይም ጭራሽ ልትከለከሉ ትችላላችሁ። የቤት ህንጻ ኢንሹራንስ ከሆነ ደግሞ ማቋረጥ የሞርጌጁን ውል እንደማፍረስ ነው ምክንያቱም አበዳሪው ቤቱ ኢንሹር እንዲሆን ይጠይቃል። ፖሊሲው እየሰራ ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል፣ ቅሬታችሁንም አያዳክመውም። መለወጥ ካለባችሁ አዲሱ ተፈቅዶ ከጀመረ በኋላ ነው አሮጌው የሚዘጋው።

አሁን በቅርቡ ከሆነ የገዛችሁት ግን ቅሬታ ውስጥ ሳትገቡ ቀኑን ቁጠሩ። ላይፍ፣ ክሪቲካል ኢልነስና ኢንካም ፕሮቴክሽን በ30 ቀን ውስጥ፣ የቤት ኢንሹራንስ በ14 ቀን ውስጥ ሀሳብ ቀይሮ መመለስ ይቻላል።

ደረጃ 1፦ የተሸጠላችሁ ምን እንደሆነ ለዩ

«ኢንሹራንሱ» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። ወረቀቱን አውጡና ስሙን አንብቡ፣ ወረቀት ከሌለ የባንክ ስቴትመንት ላይ በየወሩ ማን እንደሚወስድ እዩ። ብዙ ጊዜ ከነዚህ አንዱ ነው፣ አንዳንዴም ሁለት ሦስቱ አንድ ላይ ናቸው፦

- ላይፍ ኢንሹራንስ፦ ስትሞቱ የሚከፍል። ዕዳው እየቀነሰ ሲሄድ አብሮ የሚቀንስ አለ፣ እስከ መጨረሻው እኩል የሚቆይ አለ።
- ክሪቲካል ኢልነስ፦ ውሉ ላይ ከተዘረዘሩት ከባድ በሽታዎች አንዱ ሲገኝ አንዴ የሚከፍል።
- ኢንካም ፕሮቴክሽን፦ ታማችሁ መስራት ሳትችሉ ስትቀሩ በየወሩ የሚከፍል።
- የሞርጌጅ ክፍያ መሸፈኛ፦ አደጋ፣ ህመም ወይም ከስራ መቀነስ ሲደርስ የወር ክፍያውን ለተወሰነ ጊዜ የሚከፍል። ይሄኛው የፒፒአይ (የብድር ክፍያ መሸፈኛ ኢንሹራንስ) ቤተሰብ ነው፣ ስለሱ ደረጃ 3 ላይ ለብቻው ተመልከቱ።
- የቤት ህንጻና የዕቃ ኢንሹራንስ።

ደረጃ 2፦ ጥፋቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፣ የቀረው ሁሉ በዚህ ይወሰናል። «አታለሉኝ» ማለት ጥፋቱን አያሳይም። ምን ተባላችሁ? እውነቱስ ምን ነበር? ያንን ብታውቁ ምን ታደርጉ ነበር? ብዙ ጊዜ ተቀባይነት የሚያገኙት እንዲህ ያሉ ናቸው።

«ይሄን ካልወሰድክ ሞርጌጁ አይፈቀድም» መባል። አበዳሪው ህንጻው ኢንሹር እንዲሆን መጠየቁ የተለመደ ነው፣ ላይፍ ወይም ክሪቲካል ኢልነስ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሞርጌጅ ግዴታ አይደለም። የሞርጌጅ ኦፈር ሌተራችሁን አውጡና ቅድመ ሁኔታዎቹን አንብቡ፣ እዛ ላይ ካልተጻፈና ግዴታ ነው ተብላችሁ ከነበረ ትልቅ ነጥብ አላችሁ ማለት ነው።

ለናንተ ሁኔታ የማይከፍል ነገር መሸጥ። ለምሳሌ የራሳችሁን ስራ የምትሰሩ ሆናችሁ ታክሲ ወይም ዴሊቨሪ ላይ እያላችሁ፣ ከስራ ስትቀነሱ ይከፍላል የተባለው ፖሊሲ የራሱን ስራ የሚሰራ ሰው በቀላሉ ክሌም (የክፍያ ጥያቄ) ሊያደርግበት የማይችል ሆኖ ሲገኝ። ወይም ከድሮ የነበረ ህመም እንደማይሸፈን ሳይነገር፣ የወገብ ችግር እንዳለባችሁ እያወቁ ሲሸጡላችሁ።

የማያስፈልጋችሁን መሸጥ። ብቻችሁን ኖራችሁ የሚተዳደርባችሁ ሰው ሳይኖር ከባድ ላይፍ ኢንሹራንስ፣ ወይም በስራ ቦታችሁ ረጅም የህመም ደሞዝና የሞት ጥቅም እያላችሁ ስለሱ ሳይጠይቁ መሸጥ።

የማይገጥም መሸጥ። ሞርጌጁ የ30 ዓመት ሆኖ ኢንሹራንሱ 20 ዓመት ላይ ያልቃል፣ ወይም ሞርጌጁ ወለድ ብቻ የሚከፈልበት ሆኖ ዋናው ዕዳ ሳይቀንስ ሽፋኑ ግን በየዓመቱ ይቀንሳል።

ጥሩውን አስጥሎ አዲስ መሸጥ። ሪሞርጌጅ ባደረጋችሁ ቁጥር የቆየውን ፖሊሲ አስዘግቶ አዲስ የሚያስገባ ብሮከር አለ፣ ኮሚሽን ስለሚያገኝበት። አዲሱ ከተወደደ ወይም ሽፋኑ ካነሰ፣ ለምን መቀየር እንዳስፈለገ በጽሁፍ ያስረዳ።

የጤና ጥያቄውን ሳያነብላችሁ «የለም፣ የለም» እያለ መሙላት። ይሄ ከሁሉም ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም የሚታወቀው ሰው ሲታመም ወይም ሲሞት ነው፣ ያኔ ኢንሹራንሱ «የተሳሳተ መረጃ ሰጥታችኋል» ይላል። የሞላውን ፎርም ኮፒ ጠይቁና አሁኑኑ እዩት። ስህተት ካገኛችሁ ለኢንሹራንስ ኩባንያው በጽሁፍ አሳውቁ፣ ብሮከሩ ላይ ደግሞ ለብቻው ቅሬታ አቅርቡ።

ቋንቋው ያልገባችሁ ከሆነም ንገሯቸው። የ12 ዓመት ልጅ እያስተረጎመ የተሸጠ ክሪቲካል ኢልነስ ገብቷችሁ የተገዛ አይባልም። ከጁላይ 31 ቀን 2023 ጀምሮ ኮንሲውመር ዱቲ በሚባለው ህግ ድርጅቶች ደንበኛው የሚሰጡትን መረጃ መረዳት እንዲችል የማገዝ ግዴታ አለባቸው፣ ከዚያ በፊት ለተሸጠም ቢሆን ግልጽና የማያሳስት መረጃ መስጠት ግዴታ ነበር።

ደረጃ 3፦ ጊዜው አልፎባችሁ እንደሆነ አረጋግጡ

ደንቡ እንዲህ ነው፦ ከተሸጠበት ቀን 6 ዓመት፣ ወይም ያ ካለፈ ችግር እንዳለ ካወቃችሁበት (ወይም ማወቅ ከነበረባችሁ) ቀን 3 ዓመት። ከሁለቱ ዘግይቶ የሚያልቀው ነው የሚያዝላችሁ። ስለዚህ በ2012 የተሸጠ ሆኖ ችግሩን ያወቃችሁት አምና ከሆነ በሩ አልተዘጋም፣ መቼና እንዴት እንዳወቃችሁ ግን በማስረጃ ማሳየት አለባችሁ፦ ክሌም ውድቅ የተደረገበት ደብዳቤ፣ ሌላ አማካሪ የነገራችሁ ኢሜይል፣ እንዲህ ያለ ነገር።

ፒፒአይ ግን ለብቻው ነው። የሞርጌጅ ክፍያ መሸፈኛን ጨምሮ የፒፒአይ ሽያጭ ቅሬታ ማቅረቢያው ኦገስት 29 ቀን 2019 ተዘግቷል። የሚቀረው ከኦገስት 29 ቀን 2017 በኋላ የተሸጠ ከሆነ፣ ወይም ቅሬታው ስለ ሽያጩ ሳይሆን ክሌም ስለመከልከሉ ከሆነ፣ ወይም በዛን ጊዜ እንዳታቀርቡ ያደረጋችሁ እንደ ጽኑ ህመም ያለ ከባድ ምክንያት ካለ ነው። አሁን ደውሎ «የድሮ ፒፒአይ እናስመልስልህ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የባንክ ዝርዝራችሁንም ፓስፖርታችሁንም እንዳትሰጡት።

ደረጃ 4፦ ማስረጃ ሰብስቡ

አንድ ፎልደር ክፈቱና እነዚህን አስገቡ፦ የሞርጌጅ ኦፈር ሌተር፣ የፖሊሲው ሰነድ፣ ብሮከሩ ለምን ይሄን እንደመረጠ የጻፈላችሁ ደብዳቤ (ሱታቢሊቲ ሌተር ይሉታል)፣ የመጀመሪያውና የቅርቡ የባንክ ስቴትመንት፣ ኢሜይሎች፣ ዋትስአፕ መልዕክቶች፣ በዛን ጊዜ የነበራችሁ የስራ ውልና ፔይስሊፕ። ዋትስአፑን ስክሪንሾት አድርጉት፣ ቀኑ እንዲታይ።

ወረቀት የለኝም የምትሉ ሰብጀክት አክሰስ ሪኩዌስት ላኩ። በዳታ ጥበቃ ህጉ መሰረት ስለናንተ የያዙትን ሁሉ ኮፒ እንዲሰጡ መጠየቅ ነው፣ በነጻ ነው፣ በ1 ወር ውስጥ መስጠት አለባቸው፣ ጉዳዩ ውስብስብ ከሆነ እስከ 2 ወር መጨመር ይችላሉ። ለብሮከሩም ለኢንሹራንስ ኩባንያውም ለየብቻ ላኩ። በስም ዘርዝራችሁ ጠይቁ፦ ፋክት ፋይንድ የሚባለውን (ስለ ገቢያችሁ፣ ቤተሰባችሁና ጤናችሁ የሞሉት ፎርም)፣ የማመልከቻ ፎርሙን፣ የስልክ ቅጂዎችን፣ የብሮከሩን ማስታወሻ። ፋክት ፋይንዱ ላይ «ደንበኛው በስራው የ6 ወር የህመም ደሞዝ አለው» ተብሎ ተጽፎ ከዚያ ያንኑ የሚሸፍን ኢንሹራንስ ከተሸጠላችሁ፣ ራሳቸው የጻፉት ወረቀት መሰከረላችሁ ማለት ነው።

ከ1 ወር በላይ ዝም ካሉ በጽሁፍ አስታውሱ፣ ያም ካልሰራ ኢንፎርሜሽን ኮሚሽነር ለሚባለው ቢሮ ማመልከት ይቻላል። ግን የደረጃ 3 ጊዜ ሊያልቅባችሁ ከሆነ ወረቀት እየጠበቃችሁ አትቀመጡ፣ ቅሬታውን አስገቡና ማስረጃው በኋላ ይቀጥላል።

ደረጃ 5፦ የሚጻፍለትን ድርጅት በትክክል አግኙ

ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቅሬታው የሚሄደው ለሸጠው ነው። የፖሊሲው ወረቀት ላይ የትልቅ ኢንሹራንስ ኩባንያ ስም ስላለ ለነሱ ይጻፋል፣ እነሱ ደግሞ «እኛ አልመከርንም፣ ብሮከሩን ጠይቁ» ብለው ይመልሳሉ፣ ወራት ይባክናል።

ባንክ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ከተሸጠላችሁ ባንኩ ነው። ብሮከር ከሸጠላችሁ ብሮከሩ ነው፣ ግን ብዙ ትንንሽ ብሮከሮች በሌላ ትልቅ ድርጅት ፈቃድ ስር ነው የሚሰሩት፣ እንደዛ ሲሆን ተጠያቂው በዛን ጊዜ ፈቃዱን የሰጠው ትልቁ ድርጅት ነው። ይሄን ለማወቅ የኤፍሲኤን (የፋይናንስ ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው መስሪያ ቤት) ፋይናንሻል ሰርቪስስ ሬጅስተር ኢንተርኔት ላይ ክፈቱ፣ የብሮከሩን ስም ወይም ደብዳቤው ግርጌ ላይ ያለውን መለያ ቁጥር አስገቡ። «አፖይንትድ ሪፕረዘንታቲቭ» ካለ ዋናው ድርጅት ማን እንደሆነና ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ ያሳያል። ቀኑን ከተሸጠላችሁ ቀን ጋር አስተያዩ። የቅሬታ አድራሻውም እዛው ላይ አለ።

ድርጅቱ ከስራ ወጥቶ ከሆነ ኤፍኤስሲኤስ የሚባል የካሳ ፈንድ አለ፣ ክፍያ የማይጠይቅ፣ መክፈል ያልቻሉ ድርጅቶችን ቅሬታ የሚያይ። በቀጥታ ለነሱ አመልክቱ።

ደረጃ 6፦ ደብዳቤውን ጻፉ

በኢሜይል ላኩ፣ ስልክ ብቻ አይበቃም። ቀላል እንግሊዝኛ ይበቃል፣ የህግ ቃል አይፈለግም። ሁለታችሁ በጋራ የገዛችሁት ከሆነ ሁለታችሁም ስማችሁን አስገቡ፣ አለበለዚያ የአንዱ ፈቃድ የለም ብለው ያዘገዩታል። ቅደም ተከተሉ፦

1. ርዕሱ ላይ «ቅሬታ» የሚለውን በግልጽ አስቀምጡ፣ እንግሊዝኛው ላይ ኮምፕሌይንት ማለት ነው። እንደ ተራ ጥያቄ እንዳይቆጥሩት ነው።
2. ስም፣ አድራሻ፣ የፖሊሲ ቁጥር፣ የሞርጌጅ ቁጥር፣ ማን እንደሸጠላችሁና መቼ።
3. በዛን ጊዜ የነበራችሁበት ሁኔታ፦ ስራ፣ ጤና፣ ልጆች፣ በስራ በኩል የነበራችሁ ጥቅም።
4. የተባላችሁት፣ እና ያልተነገራችሁ። ደረጃ 2 ላይ የጻፋችሁት እዚህ ይገባል።
5. ትክክለኛውን ብታውቁ ምን ታደርጉ እንደነበር። ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል! «ግዴታ እንዳልሆነ ባውቅ አልገዛም ነበር» ወይም «ርካሹን እወስድ ነበር» ካላላችሁ ካሳውን የሚያሰሉበት ነገር የለም።
6. የምትፈልጉት፦ የከፈላችሁት ከነወለዱ እንዲመለስ፣ ወይም ልዩነቱ፣ ወይም የፖሊሲው መስተካከል።
7. የሰነዶች ዝርዝር። ኮፒ ነው የሚላከው፣ ኦርጅናሉ እናንተ ጋር ይቅር።

የማታስታውሱትን እንዳትፈጥሩ። «ትክክለኛ ቃሉን አላስታውስም ግን ካልወሰድን ሞርጌጁ ሊዘገይ እንደሚችል ነው የገባን» ብሎ መጻፍ ፈጠራ ከመጨመር በጣም ይሻላል፣ በኋላ የስልክ ቅጂ ወጥቶ አንዱ ቃላችሁ ሀሰት ከሆነ ሌላውንም አያምኗችሁም።

ደረጃ 7፦ 8 ሳምንት ጠብቁ

ቅሬታው የደረሰበትን ቀን ካላንደር ላይ ጻፉ። ድርጅቱ የመጨረሻ መልስ ለመስጠት 8 ሳምንት አለው። በመሀል ከደወሉላችሁ አነጋግሩ፣ ግን ስልክ ላይ ምንም እንዳትስማሙ፣ «በኢሜይል ላኩልኝ» በሉ። የደወለውን ሰው ስም፣ ቀኑንና የተባለውን ጻፉ። 8 ሳምንቱ ካለቀና መልስ ከሌለ፣ ወይም «ገና እያየን ነው» ካሉ፣ መጠበቅ አይጠበቅባችሁም፣ ወደ ደረጃ 9 ሂዱ።

ደረጃ 8፦ መልሱን በጥንቃቄ አንብቡ

እንቢ ካሉ ብዙ ጊዜ ከነዚህ አንዱን ነው የሚሉት።

*«ፈርማችኋል።»* ፊርማ ወረቀቱ እንደደረሳችሁ ያሳያል፣ ምክሩ ለናንተ ተስማሚ እንደነበረ ግን አያሳይም። ምክር የሰጠ ሰው የተስማሚነቱ ኃላፊነት የሱ ነው።

*«እኛ መረጃ ነው የሰጠነው፣ አልመከርንም።»* ሱታቢሊቲ ሌተር ወይም «ይሄን እመክራለሁ» የሚል ኢሜይል ፈልጉ። በእርግጥ ምክር ካልነበረም መረጃው ግልጽ መሆን ነበረበት፣ የማይሸፈነውን ዋና ነገር ሳይነግሩ ቀርተው ከሆነ እሱን ያዙ።

*«በ30 ቀን ውስጥ መመለስ ትችሉ ነበር።»* ችግሩን በ30 ቀን ውስጥ ማወቅ የማትችሉት ነገር ከነበረ ይሄ መልስ አይሆንም።

*«ጊዜው አልፏል።»* የ3 ዓመቱን ህግ አይተውታል ወይ? ያወቃችሁበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ ይዛችሁ ተከራከሩ።

እሺ ብለው ገንዘብ ካቀረቡ ደግሞ ወዲያው እንዳትፈርሙ። ስሌቱን በዝርዝር ጠይቁ፦ ስንት ወር ፕሪሚየም (ለኢንሹራንሱ የከፈላችሁት)፣ ወለዱ ከመቼ ጀምሮ፣ ታክስ ተቆርጧል ወይ። ከሁሉም በላይ ግን ገንዘቡ ሲመለስ ፖሊሲው ይዘጋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ይዘጋል። ከተመለሰው ብር ይልቅ ሽፋኑ የሚያስፈልጋችሁ ሰዎች አላችሁ፣ በተለይ ከታመማችሁ በኋላ ከሆነ፣ እና ይሄን ቁጭ ብላችሁ ከቤተሰብ ጋር ሳታስቡበት መልስ እንዳትሰጡ።

ደረጃ 9፦ ኦምቡድስማን

መልሱ ካላረካችሁ ፋይናንሻል ኦምቡድስማን ሰርቪስ የሚባል፣ በደንበኛና በፋይናንስ ድርጅት መካከል ያለን ቅሬታ በገለልተኝነት የሚዳኝ ተቋም አለ። ለናንተ በነጻ ነው። ከመጨረሻው መልስ ቀን ጀምሮ 6 ወር ነው ያላችሁ፣ ይሄ ቀን ካለፈ ጥሩ ጉዳይ ይዛችሁም ልትመለሱ ትችላላችሁ፣ ስለዚህ ደብዳቤው ላይ ያለውን ቀን አክብቡት። «ድርጅቱን እንደገና ላናግር» እያላችሁ 6 ወሩን እንዳትጨርሱት።

ፎርሙን ኢንተርኔት ላይ ወይም በስልክ መሙላት ይቻላል፣ አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁ ንገሯቸው። መጀመሪያ መርማሪ ያየዋል፣ አስተያየቱን ለሁለታችሁም ይልካል። ካልተስማማችሁ ኦምቡድስማን ራሱ እንዲወስን መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ግን «አልስማማም» ብቻ አትበሉ፣ መርማሪው የትኛውን ማስረጃ እንዳላየ ወይም የቱን በስህተት እንደተረዳ ጠቁሙ። ወረቀት በሌለበት ቦታ የሚወስኑት የበለጠ ሊሆን የሚችለው የቱ ነው ብለው ነው፣ ስለዚህ ሰነድ ጠፍቶብኛል ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፣ ወጥ የሆነ ታሪክ ክብደት አለው።

የኦምቡድስማኑን ውሳኔ እናንተ ከተቀበላችሁ ድርጅቱ የመፈጸም ግዴታ አለበት። ካልተቀበላችሁ ፍርድ ቤት የመሄድ መብታችሁ እንዳለ ነው፣ ከተቀበላችሁ በኋላ ግን ስለዚያው ጉዳይ ተመልሶ መክሰስ ከባድ ነው።

«እኛ እናስጨርስላችሁ» ስለሚሉ

ከሚመለሰው ገንዘብ እስከ 30% ድረስ የሚወስዱ የክሌም ድርጅቶች አሉ። ህጋዊ ናቸው፣ ግን የሚያደርጉት ከላይ ያለውን ነው፣ ኦምቡድስማኑም በነሱ በኩል ስለመጣ የተለየ ቦታ አይሰጠውም። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ሲቲዝንስ አድቫይስ የሚባለው የምክር ድርጅት በነጻ ደብዳቤውን ሊያግዟችሁ ይችላሉ፣ የምታምኑት ዘመድ ወይም ጓደኛም በፊርማችሁ ወክሏችሁ መጻፍ ይችላል። ብሮከሩ የምናውቀው የኛው ሰው ነው፣ በቤተክርስቲያን ወይም በእድር እንገናኛለን ብላችሁ የምትተዉትም አላችሁ፣ ይሉኝታው ይገባኛል። ግን ቅሬታው የሚሄደው ለድርጅቱ ነው፣ ብሮከሮች እንዲህ ላለው ጊዜ የሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንስ የመያዝ ግዴታ አለባቸው፣ ማንንም ከኪሱ አውጣ እያላችሁት አይደለም።

ገንዘቡ ሲገባ

የተመለሰው ፕሪሚየም ታክስ የለውም፣ የተጨመረው ወለድ ግን አለው፣ ብዙ ጊዜ ድርጅቱ ራሱ 20% ቆርጦ ነው የሚልከው። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ወይም የዓመት ወለዳችሁ ከተፈቀደው ካላለፈ የተቆረጠውን በአር 40 ፎርም ከኤችኤምአርሲ (ከታክስ መስሪያ ቤቱ) ማስመለስ ይቻላል፣ እስከ 4 የታክስ ዓመት ወደኋላ። ስንት እንደተቆረጠ የሚያሳየውን ወረቀት ከድርጅቱ ጠይቃችሁ አስቀምጡ።